በዘጌ የቡና ጥላ ሥር በእግር መንሸራሸር

በእግር መሄድ ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ገበያተኛው ሸክሙን ተሸክሞ፣ ተሳላሚው መቋሚያውን ተመርኩዞ፣ ተማሪው ደብተሩን በብብቱ ሸጉጦ በየዕለቱ ይሄዳል። ስለዚህ «በእግራችሁ ሂዱ፤ ለጤናችሁ ይበጃችኋል» ብለን ለባላገሩ ብንጽፍ ኖሮ በጽሑፋችን በሳቀብን ነበር። ይህ ጽሑፍ የሚቀርበው ግን ቀኑን በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ወይም በጽሕፈት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ ለሚውለው፣ ከቤቱ እስከ ሥራው በባጃጅ ለሚመላለሰው፣ እሑድንም ከምሳ በኋላ ጋደም ብሎ ለሚያሳልፈው የከተማ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ወደ ሐኪም ቤት ሲመጣ የደም ግፊቱ ከፍ ብሎ፣ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ጨምሮ፣ ጉልበቱም ሰንፎ እናገኘዋለን። መድኃኒት እንሰጠዋለን፤ «በእግርህም ተንቀሳቀስ» እንለዋለን። «የት ልሂድ?» ብሎ መልሶ ሲጠይቀን ግን ብዙ ጊዜ መልስ አጥተን ዝም ብለናል።

እኛ ራሳችን ለመንፈስ ዕረፍት ብሎ መሄድ የሚባለውን ልማድ የተማርነው በባሕር ማዶ ነው። በልጅነታችን ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደውን አቀበት እስኪሰለቸን ድረስ ወጥተን ወርደናል፤ ነገር ግን አንድም ቀን ዛፉን ለማየት ብለን አልወጣንም። በደቡብ ጀርመን ለትምህርት በተቀመጥንበት ጊዜ በየእሑዱ ከቀትር በኋላ ሽማግሌውም፣ ባልቴቷም፣ ሕፃን በጋሪ የምትገፋውም እናት ከከተማው ወጥተው በአሮጌ የፖም ዛፎች መካከል ወደ ጫካው ሲዘልቁ እናይ ነበር። መንገዱን እንዳይስቱ በየዛፉ ግንድ ላይ የቀለም ምልክት ተቀብቷል። መጀመሪያ ነገሩ የሥራ ፈት ሥራ መስሎን ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ክረምቱና ናፍቆቱ ሲበረታብን እኛም ከእነርሱ ጋር መሄድ ጀመርን፤ የሄድንባቸውን ሌሊቶችም ደኅና እንቅልፍ ተኛን። በዚያው ወራት አንድ ሐሳብ ይመላለስብን ነበር። ጫካውና አሮጌው የፍሬ አትክልት በአንድነት የተገናኙበት፣ ለደካማም ሰው የማይከብድ እንዲህ ያለ መንገድ በእኛ አገር የት ይገኛል? መልሱ ከባሕር ዳር ከተማ ትይዩ ተቀምጦልን ነበር፤ እርሱም ዘጌ ነው።

ዘጌ ከባሕር ዳር በስተ ሰሜን ምዕራብ ወደ ጣና ሐይቅ ገብቶ የተዘረጋ ልሳነ ምድር ነው። በመኪና አፋፍ ከምትባለው መንደር ድረስ መድረስ ይቻላል፤ ብዙ ሰው የሚመርጠው ግን በሞተር ጀልባ ሐይቁን አቋርጦ ከደኑ ግርጌ መውረድን ነው። ከወደቡ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወጣው መንገድ ዝግ ያለ አቀበት ነው። መንገዱ ከታች እስከ ላይ በጥላ የተሸፈነ በመሆኑ በበጋው ፀሐይ እንኳ ራስን አያቃጥልም።

ይህ ደን ሰው ያልነካው ዱር አይደለም። ከላይ ዋንዛው፣ ብርብራው፣ ሳሳውና እሸው ቅርንጫፋቸውን አገጣጥመው ጣራ ሠርተዋል፤ ከሥራቸው ደግሞ ቡናው ተተክሏል፤ በቡናው መካከል ጌሾና ሎሚ ይታያል። እያንዳንዱ ቁራጭ መሬት ባለቤት አለው፤ ቡናውንም አባት ለልጅ ሲያወርሰው ኖሯል። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው ቡናውን ለዘጌ የሰጡት የመሐል ዘጌ ጊዮርጊስ መሥራች አቡነ በትረ ማርያም ናቸው፤ ሰውም በዚያ ምድር ላይ በበሬ እንዳያርስና ከብት እንዳያረባ ከእርሳቸው በተቀበለው ቃል ሲተዳደር ኖሯል። እምነቱን ለባለቤቶቹ እንተወውና ውጤቱን በዓይናችን እንመልከት። በጣና ዙሪያ ብዙው ምድር ታርሶ በተራቆተበት ጊዜ ዘጌ ዛፉን አልብሶ ቆይቷል። አህያ ስለሌለ ሸክሙ ሁሉ በሰው ጀርባ መመላለሱ ግን በተለይ ለሴቶቹ ከባድ ነው፤ ይህንንም ሳያዩ ማለፍ ተገቢ አይደለም። ማገዶም እየተቆረጠ በደንገል ታንኳ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ሲጫን ተመልክተናል። እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኔስኮ የጣናን ሐይቅና አካባቢውን በባዮስፌር ክልልነት መዝግቦታል።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስና አንድ የምናፍርበትን ነገር እንናገር።

ከባሕር ማዶ በተመለስንበት ዓመት፣ በ2009 ዓ.ም.፣ የአንድ ትምህርት ቤት መምህራን ተማሪዎቻቸውን ለሽርሽር ወደ ዘጌ ሲወስዱ የጤና ምክር እንድንሰጥ ጋብዘውን ነበር። ስለ ንጹሕ አየር፣ ስለ ሳንባና ስለ ጡንቻ ብዙ ተናገርን። ከመንገዱ ስንመለስ ቀትር ሆኖ ነበርና ልጆቹ ላብ በላብ ሆነው ከደንገሉ ዳር ሲደርሱ «እንታጠብ?» ብለው ለመኑን። ውኃው ረግቶ ያምር ነበር። ከመምህራኑ አንዱ ወደ እኛ ቢመለከት እኛም በራሳችን ነቅንቀን ፈቀድን። በጀርመን አገር ሐይቅ ስንዋኝ ስለ ነበር ይሆናል፤ ወይም መወደድን ፈልገን ይሆናል። በመማሪያ መጽሐፋችን ገጽ ላይ ያነበብነው ሁሉ በዚያች ሰዓት ከአእምሯችን ጠፍቶ ነበር።

ሁለት ወር ያህል እንደ ቆየ ያው መምህር አንድ ልጅ እጁን ይዞ መጣ። ልጁ ትኩሳት ይዞት፣ ሆዱን እየቆረጠው፣ አልፎ አልፎም ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያስቀምጠው ነበር። ዐይነ ምድሩን በማይክሮስኮፕ ስንመለከት በጎኑ እሾህ ያለበት የቢልሃርዝያ ዕንቁላል አገኘን። ከዚያ ወዲያ የቀሩትን ስንመረምር ከመካከላቸው የተያዙ ሌሎችም ተገኙ። በርግጥ በሐይቁ ዳር ያደጉ ልጆች በሽታውን ቀድሞም ይዘውት ሊሆን ይችላል፤ ይህ መጀመሪያ የታመመው ልጅ ግን ቤተሰቡ ከደጋ በቅርቡ የመጣ፣ ከዚያች ቀን በፊት በሐይቅ ውኃ ገብቶ የማያውቅ ነበር። መምህሩ አልወቀሰንም። «ዶክተር፣ እኛ እኮ እርስዎን አይተን ነው» አለን ብቻ። ዶክተር እንዳልሆንን፣ የጤና መኮንን እንደ ሆንን፣ በዚያን ጊዜ ማስረዳቱ ምን ይረባል?

ስለዚህ የዚህን በሽታ አካሄድ ጠንቅቆ ማወቅ በሐይቅ ዳር ለሚሄድ ሁሉ ያስፈልጋል። በሽተኛው በሐይቁ ዳር ሲጸዳዳ ወይም ጎርፍ ዐይነ ምድሩን ወደ ውኃ ሲያወርደው ከውስጡ ያለው ዕንቁላል በውኃው ይፈለፈላል። የተፈለፈለው ነፍሳት በደንገልና በሣር መካከል ከምትኖር አንዲት ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባና በዚያ ተራብቶ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጅራት ያለው በዓይን የማይታይ ትል ሆኖ ይወጣል። የሚወጣው በብርሃን ጊዜ ነው፤ በብዛትም በቀትር ዙሪያ ነው፤ ይኸውም ልጆች ለመዋኘት የሚወዱት ሰዓት መሆኑን ልብ ይሏል። ትሉ ጤናማውን ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ በስቶ ይገባል። ቁስል አያስፈልገውም፤ ውኃውን መጠጣትም አያስፈልግም። ከዚያም በደም ሥር ተጉዞ በአንጀት ዙሪያ ባሉት ሥሮች ውስጥ ይቀመጥና ዕንቁላሉን ለዓመታት ሲጥል ይኖራል። ሳይታከም የቆየ ሰው ጉበቱ ይጠነክራል፤ ጣፊያው ያብጣል፤ በመጨረሻም ደም እስከ ማስታወክ ሊደርስ ይችላል።

ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት በሰውየው ክብደት ተለክቶ በአንድ ቀን የሚዋጥ ሲሆን ያደገውን ትል ይገድላል። ገና ያላደገውን ግን እምብዛም ስለማይነካው ውኃ ውስጥ በገቡ በማግሥቱ መዋጥ አይጠቅምም፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ተመርምሮ መታከም ይሻላል። የእኛም ልጆች የዳኑት እንዲህ ነው፤ ለአንዱ ሁለተኛ ጊዜ መስጠት አስፈልጎናል። በዚህ አጋጣሚ የአገራችንን ልጅ ሥራ ሳናነሣ ብናልፍ ደስ አይለንም። እ.ኤ.አ. በ1964 አክሊሉ ለማ በዐድዋ ወንዝ ዳር ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ እናቶቻችን ዘወትር የሚጨብጡት ፍሬ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ለዓለም አስታውቀዋል። በ1989 እ.ኤ.አ. ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በዚሁ ምክንያት ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል።

በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር ያው ትምህርት ቤት እንደ ገና ጠራን። እውነቱን ለመናገር፣ ይጠሩናል ብለን አልጠበቅንም ነበር። በዚህ ጊዜ ከመነሣታችን ከአንድ ሳምንት በፊት ከመምህራኑ ጋር ተቀምጠን ሁሉን አንድ በአንድ ተነጋገርን። የመንገዱንና የአካባቢውን ሰላም አስቀድሞ ከሚያውቁ ሰዎች መጠየቅ፤ ውኃውን ከቤት አፍልቶ መያዝ፤ ሽንት ቤት ከጀልባው በፊት መሄድ። ይህ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ አርባ ልጅ ይዞ በሰው ቡና ውስጥ ለሚሄድ መምህር ግን ከሁሉ የሚከብደው እርሱ ነው። አንድ መምህር መኮትኮቻ ይዞ እንዲመጣም አደረግን። የግድ ከሆነበት ከሐይቁና ከመንገዱ 60 ሜትር ያህል ርቆ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍሮ፣ መልሶ አፈር እንዲያለብሰው ነው። ልጆቹ መኮትኮቻውን እያዩ ሲስቁ ዋሉ፤ እኛም ይሳቁ አልን።

የሳቁበትን ነገር ምክንያት ግን መንገድ ላይ ቆመን ነገርናቸው። በቡና ጥላ ሥር ያለው አፈር እርጥብና ለስላሳ ነው፤ የረገፈው ቅጠል ከፀሐይ ይጋርደዋል። ለቡናው የተመቸው ይህ አፈር ለመንጠቆ ትልም የተመቸ ነው። አንድ ሰው ከዛፉ ሥር ቢጸዳዳ ዕንቁላሉ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይፈለፈላል፤ ከሳምንት ገደማ በኋላም ትሉ ባዶ እግር ሲጠብቅ ይገኛል። እንዲህ ባለ ጥላ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። በእግር ቆዳ ገብቶ፣ በደም ወደ ሳንባ ሄዶ፣ ከዚያም በጉሮሮ በኩል ተውጦ አንጀት ላይ ይጣበቅና ደም ይመጣል። በክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋውን፣ ከንፈሩ የነጣውን ልጅ «ሰነፍ» ከማለታቸው በፊት መምህራን ይህን ቢያስቡ መልካም ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ጫማውና ሽንት ቤቱ ግን ከመድኃኒቱ ይቀድማሉ።

ስለ ጫማ ከተነሣ፣ ከእኛ ጋር ከነበሩት መምህራን አንዱ ዕድሜያቸው ወደ ጡረታ የተቃረበ የስኳር በሽተኛ ነበሩ። ልጆቹም እኛም «ጋሼ» እያልን ነው የምንጠራቸው። መምጣታቸውን ባለቤታቸው አልወደዱትም ነበር። እኛ ግን አስቀድመን መርምረናቸው፣ ቁርሳቸውን በልተው፣ በኪሳቸው ከረሜላ ይዘው፣ ያረጀና የለመዱት ጫማ አድርገው እንዲመጡ መክረን ነበር። በአቀበቱ ላይ ከጎናቸው ሆነን እያወራን ሄድን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል ይላል። መጠነኛ መሆኑን ለማወቅ መሣሪያ አያሻም። እየሄዱ መነጋገር ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካልቻሉ ልኩ እርሱ ነው። ጋሼ ንግግራቸው ሲቆራረጥ ቆመን ዛፍ እናያለን፤ እስትንፋሳቸው ሲመለስ እንቀጥላለን። አንድ ጊዜ ከብርብራ ዛፍ ሥር ቆመን ዓሣ አጥማጆች የዚህን ዛፍ ፍሬ ወቅጠው ዓሣ እንደሚያደነዝዙበት ለልጆቹ አስረዷቸው። ከዚያ ወዲያ ንግግሩ የእርሳቸው ሆነና እኛ ተማሪ ሆንን። ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ የሚዘሉትን ጦጦች ልጆቹ ዳቦ ሊሰጧቸው ሲሉ የከለከሏቸውም እርሳቸው ናቸው። ጦጣ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሐኪም ቤት መሄድ አለበት።

ከኡራ ኪዳነ ምሕረት ደጅ ስንደርስ እንደ ሥርዓቱ ሁላችንም ጫማችንን አወለቅን። ጣራው ክብ ነው፤ በውስጡ ያለው ሥዕል ለአንድ ቀን ትምህርት ይበቃል፤ ስለ እርሱ ግን ሌሎች ከእኛ የተሻለ ጽፈዋል። ደጁ ለሴቶችም ክፍት በመሆኑ መምህራቱም አብረውን ገቡ። ስንወጣ ጋሼ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ሊያጠልቁ ሲሉ «አንድ ጊዜ ይቆዩ፤ ውስጥ እግርዎን ያሳዩኝ» አልናቸው። አፈሩ። እኛም ከፊታቸው ተንበርክከን ካልሲያቸውን ስናወልቅ በተረከዛቸው አጠገብ ካልሲውን አልፎ የገባ እሾህ አገኘን። ደም ነጥቧል።

«አልተሰማዎትም?»

«ምንም አልተሰማኝ፤ ልጄ» አሉ፤ ፊታቸውም ተለወጠ።

ስኳር ለብዙ ዓመት የቆየበት ሰው የእግሩ ስሜት እየደከመ እንደሚሄድ ያውቁ ነበር፤ ለተማሪዎችም ሳይሆን አይቀርም አስተምረውታል። በራሳቸው እግር ላይ ግን አይተውት አያውቁም። እሾኹን አውጥተን፣ ቁስሉን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃና በሳሙና አጥበን፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፈንነው። ጫማውን ሳያጠልቁ በፊት እጃችንን ከውስጡ አግብተን ጠጠር አለመኖሩን ፈተሽን። በዚህ ዓይነት ቸል የተባለች ጭረት ስትመግል ጣት፣ አልፎም እግር ያስቆረጠችበትን ሕመምተኛ በሥራችን ላይ አይተናል። ሰውየው ቤታቸው ተቀምጠው ቢውሉ ኖሮ እሾኹ ባልወጋቸው ነበር ይባል ይሆናል። ነገር ግን ያ የደነዘዘ እግር በቤታቸውም አብሯቸው ነበር፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ በየማታው በመስተዋት ይመለከቱታል።

ቁልቁለቱን ስንወርድ በአንድ ደጃፍ ላይ ቡና ተሰጥቶ አየን። ባለቤቷ እናት ልጆቹን አይተው «ኑ ግቡ፤ ቡና ሳትጠጡማ አታልፉም» ብለው አጥብቀው ለመኑን። የጤና ሰው በሰው ቤት ምን ያድርግ? ቡናው ፈልቶ የመጣ ስለ ሆነ አያስፈራም። ሲኒው የታጠበው በሐይቅ ውኃ ቢሆንስ ብለን ስናስብ እመቤቲቱ ሲኒዎቹን በንጹሕ ጨርቅ አድርቀው ደርድረዋል፤ የፈላውንም ቡና ጢም አድርገው ቀዱልን። ጠጣን። ሦስተኛው እስኪደርስ መቆየት ስላልቻልን ይቅርታ ጠየቅን። በነገራችን ላይ ለመጠጥ የሚሆነው የሐይቅ ውኃ ሁልጊዜ መፍላት አለበት፤ ለመታጠቢያ የሚሆነው ደግሞ ንጹሕ በሆነ፣ ቀንድ አውጣ በሌለበት ዕቃ ተቀድቶ ሁለት ቀን ሙሉ ቢቀመጥ የቢልሃርዝያው ትል በውስጡ ይሞታል።

ከደንገሉ ዳር ስንደርስ እንደ ያኔው ቀትር ሆኖ ነበር። ውኃውም እንደ ያኔው ረግቶ ያምር ነበር። ከልጆቹ ጥቂቶቹ ሱሪያቸውን ወደ ላይ መጠቅለል ሲጀምሩ እኛ አፋችንን ከመክፈታችን በፊት አንድ ረዘም ያለ ልጅ ከፊታቸው ቆመና እጁን ዘረጋ። መጀመሪያ አላወቅነውም። ከሁለት ዓመት በፊት መምህሩ እጁን ይዞ ያመጣው ያ የደጋው ልጅ ነበር። «ውኃው ውስጥ ትል አለ፤ እኔን ይዞኝ ነበር» አላቸው። ትልቅ ንግግር አላደረገም። ሰባትና ስምንት ዓመት ያልሞላቸው ሁለት ልጆች ብቻ ተከራከሩት፤ እርሱም ስለ ሆዱ ቁርጠትና ስለ መድኃኒቱ ምሬት ሲነግራቸው ሱሪያቸውን መልሰው ዘረጉ። በጀሪካን ይዘነው ከመጣነው ውኃ እየቀዳን ፊታቸውንና እጃቸውን አስታጠብናቸው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ጣሳ ደረሰው።

ጀልባው ከዳር ርቆ መካከሉ ላይ በደረሰ ጊዜ ከትንንሾቹ አንዱ ከጫፍ ተቀምጦ ጣቶቹን በውኃው ላይ ማስነካት ጀመረ። ትልቁ ልጅ ከኋላው ሆኖ ክንዱን ሳበው። እኛም በዚህ ጥልቅ ስፍራ ደንገልም ቀንድ አውጣም እንደሌለ፣ የሚያስፈራውም ከዳር ያለው የረጋ ውኃ እንደ ሆነ ነግረነው «ተወው፤ ይንካ» አልነው። ልጁ ወደ እኛ ዞሮ ጥቂት ተመለከተን፤ የትንሹንም ክንድ ሳይለቅ እስከ ባሕር ዳር ደረሰ።